በክረምት ዝናብ አዲስ አበባን በጣሪያ ሥር መዞር፦ የአንድ ቀን ጉዞ አሠራር

በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ይዞ ወይም እንግዳ ተቀብሎ ወጣ ብሎ መዋል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን የሚለውጠው ሰማዩን አይቶ ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን ዝናቡ አይደለም። የሚያበላሸው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የሚኬድበት መንገድ ነው። ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ቀትር ላይ ቦሌ፣ ማታ ፒያሳ ብሎ ያቀደ ሰው የቀኑን እኩሌታ ታክሲ ሲጠብቅ ይጨርሰዋል፤ የቀረውን ደግሞ እርጥብ ካልሲ አድርጎ ይዞራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለት መሠረት አለው። አንደኛው አንድ ሰፈር ብቻ መምረጥ ነው። ሁለተኛው የእግር ጉዞውን በጠዋት ጨርሶ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ ነው።

1. ሰዓቱን ከሰማዩ ጋር ያስማሙ

የክረምቱ ዝናብ ቀኑን ሙሉ የሚወርድበት ጊዜ ቢኖርም፣ ብዙውን ቀን ጠዋት ደመና ወይም ብራ ሆኖ ይቆይና ከቀትር በኋላ ዶፉ ይወርዳል፤ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። ዕቅዱ ይህን ጠባይ ይከተል፦

ከቤት የሚወጡት ከጠዋቱ 1:30 እስከ 2:00 ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚጎበኙት ቦታ 2:30 ገደማ ይድረሱ። ወደ ሁለተኛው ቦታ የሚሸጋገሩት ከ4:30 እስከ 5:00፣ ምሳ 6:30 ላይ ይሁን። ከ7:30 በኋላ መንገድ ላይ መሆን የለብዎትም፤ ሦስተኛው ቦታ መቀመጫ ያለው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሰለቹ የሚቆዩበት ይሁን። ወደ ቤት የሚመለሱት ወይ ከ10:00 በፊት ነው፣ ወይ ደግሞ የሠራተኛው ግፊያ ካለፈ ከምሽቱ 1:00 በኋላ። በመካከል ያለው ሰዓት ዝናብና የሥራ መውጫ የሚገጥሙበት ነውና ሚኒባስ ላይ መጋፋት፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲም ማጣት አለ።

ቀን ሲመርጡ ሰኞን ቢተዉት ይሻላል፤ አንዳንድ የመጎብኛ ቦታዎች የሚያርፉበት ቀን ነው። አርብ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ ሰዓት ስለሚረዝም፣ ትኬት ቆራጩ ከ5:30 እስከ 7:30 ከመስኮቱ ላይኖር እንደሚችል አስበው ከዚያ በፊት ይግቡ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ከቤተሰቡ የሚያስቀድስ ሰው ካለ ይጠይቁ። በጾሙ ቀናት ብዙ አጥቢያ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ አስቀዳሹ ከሁለተኛው ቦታ በኋላ ይለያችኋል፣ ምሳም አይበላም። ይህ ቀድሞ ካልታወቀ ቀኑ መሐል ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል።

2. አንድ ሰፈር ይምረጡ

በከተማዋ ለዚህ የሚመቹ ሦስት አካባቢዎች አሉ። ልጆች ካሉ ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን ይምረጡ።

*ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ።* መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ስለዚህ ከላይ ጀምሮ መውረድ ነው እንጂ ከታች መውጣት አይደለም። ዝናብ ቢጥል እንኳ ቁልቁል የሚሄድ ሰው ቶሎ ይደርሳል፣ ልጅም አይለግምም።

መነሻው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ከዋናው በር እስከ ሙዚየሙ በእግር የሚኬድ ግቢ ስላለ ዣንጥላው እዚህ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ግን አይጠለሉ፤ የክረምት መብረቅ ዛፍ ይወዳል።

የዚህ ሙዚየም ትልቁ ብልሃት የብሔረሰቦችን ዕቃ በክልል አለመደርደሩ ነው። የሰውን ልጅ ዕድሜ ተከትሎ ከልደትና ከልጅነት ይነሳል፣ በጉልምስና በኩል አልፎ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ሥርዓት ላይ ያበቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው የተበታተነ ዕቃ ብቻ ነው የሚያየው። የንጉሡና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎችም እዚያው አሉ። ከዚያ የመስቀሎቹ፣ የሥዕለ አድኅኖዎቹና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል ይከተላል፤ ለልጆች ጥሩው ቦታ ይህ ነው። ልጁ የመሣሪያዎቹን አውታር ይቁጠር፦ ማሲንቆ 1፣ ክራር 5 ወይም 6፣ በገና 10። መልሱን አስቀድመው አይንገሩት። ቆጥሮ ሲያገኘው ነው የሚይዘው። ለዚህ ሙዚየም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይመድቡ።

ከዚያ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ሲወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በመካከለኛ እርምጃ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እዚህ ከምድር ቤቱ ይጀምሩ፤ ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ቅሪተ አካል ከአጽሟ 40 ከመቶ ያህሉ የተገኘላት ናት። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህን ለልጆችም ለእንግዶችም ከመግባታቸው በፊት ይንገሯቸው፤ ውስጥ ገብተው ሲያውቁት የተታለሉ ይመስላቸዋል። ቅጂ መታየቱ ግን ተገቢ ነው፤ በዓለም ላይ ምትክ የሌለው አጥንት ለብርሃንና ለእርጥበት መጋለጥ የለበትም።

ከቤት ሲነሱ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገመድ ቆርጠው ኪስ ውስጥ ይክተቱ። የድንቅነሽ ቁመት ያን ያህል ነው። ልጁ ከመስታወቱ ፊት ሆኖ ገመዱን ከራሱ ቁመት ጋር ያስተያይ። የአምስት ዓመት ልጅ እኩያዋ ሆኖ ሲያገኘው ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገባዋል። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ያገኟት ሰላምም መታወቅ አለባት። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። ስለዚህ ከድንቅነሽ በዕድሜ ልጅ፣ በዘመን ግን ቀዳሚ ናት፤ ይህን እንቆቅልሽ አድርገው ለልጆች ይስጧቸው።

ከምድር ቤቱ ወደ ላይ ሲወጡ የቅድመ አክሱም ድንጋዮች፣ የነገሥታት አልባሳትና ዙፋን፣ ከዚያ ሥዕሎች፣ ከዚያ የእጅ ሥራዎች ይከተላሉ። ጊዜ ካነሰ ከላይኛው ይቀንሱ። ሙዚየም ውስጥ ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ማየቱን ያቆማል፤ ዓይኑ ይዞራል እንጂ ምንም አይገባውም። ሕፃን ከሆነ ከአርባ ደቂቃ አያልፍም።

ከሰዓት በኋላ ማረፊያው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የተመረቀው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የሕፃናት ክፍል አለው፣ ለንባብ አይከፈልበትም፣ መቀመጫውም ብዙ ነው። ዶፉ በሚወርድበት ሰዓት ለመዋል ከዚህ የሚሻል ቦታ አካባቢው ላይ የለም። መታወቂያ ይያዙ፣ ለፍተሻ ይዘጋጁ፤ ምግብና መጠጥ ወደ ንባብ ክፍል አይገባም። ልጅ በጸጥታ የሚቆየው ሥራ ሲኖረው ነውና፣ ጠዋት ያየውን ሦስት ነገር የሚስልበት ወረቀትና እርሳስ ይስጡት።

*ፒያሳ።* ለአዋቂዎችና ከውጭ ለመጣ ዘመድ ይህ ይበልጣል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቷል። ስፋቱ ትልቅ ስለሆነ ለብቻው ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። በአዳራሾቹ መካከል ጣሪያ የሌለው ቦታ ስላለ፣ ዣንጥላዎን ዕቃ ማስቀመጫ ሰጥተው ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ከዚያ ወደ መናገሻ ገነት ጊዮርጊስ ይሻገሩ። ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ካቴድራል ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የታነፀ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ነው። ጠዋት በመታሰቢያው ያዩት ታሪክ እዚህ ይቀጥላል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው። በግቢው ሙዚየምም አለ። ወደ ውስጥ የሚገባው ከቅዳሴ ሰዓት ውጪ ነው፣ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ። በክረምት እርጥብ ካልሲ አድርጎ ምንጣፍ መርገጥ ነውርም ብርድም ነው፤ ደረቅ ካልሲ ይያዙ የምንለው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቅርብ ነው። የሚታየውን ተውኔትና ሰዓቱን በሩ ላይ ካለው ማስታወቂያ ወይም በስልክ በዋዜማው ያረጋግጡ። የቴአትር ቀኖች እንደየወቅቱ ይለዋወጣሉ።

*መስቀል አደባባይና ስታዲየም።* ቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እዚህ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። አጽሞች፣ የሟቾች ልብስና ፎቶግራፎች ስላሉበት ሕፃን ይዘው አይግቡ። ለአቅመ ማወቅ የደረሰ ወጣት ግን ቢያየው መልካም ነው፤ ከገባ በኋላ የሚጠይቀውን ለመመለስ ይዘጋጁ። አፍሪካ አዳራሽም እዚሁ አቅራቢያ ነው። አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለቀለም መስታወት ለብቻው ጉዞ ያስኬዳል። የሚገባው ግን ቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ነው። መስታወቱ ብርሃኑን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ደመናው በከበደበት ሰዓት ቀለሙ ይደበዝዛል። ቀጠሮውን ጠዋት ላይ ያድርጉት።

ለዚህ አካባቢ የከሰዓቱ ማረፊያ ፍል ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት፣ ከተማዋም የተቆረቆረችበት ምክንያት ይኸው የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነውና፣ በብርድ ቀን እዚያ መታጠብ ቁም ነገርም ደስታም አለው። የራስዎን ፎጣ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ይያዙ። ወረፋ ስላለ እንደደረሱ ተራ ይያዙና ሻይዎን ቆይተው ይጠጡ። ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው ይችላል፤ ሙቀቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል። ነፍሰ ጡር፣ የልብና የግፊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ። ከወጡ በኋላ ላብዎ እስኪደርቅ፣ ፀጉርዎ እስኪጠፍ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቀመጡ። ወዲያው ዝናብ ውስጥ ከወጡ የሞቁት በከንቱ ነው።

3. በዋዜማው ስልክ ይደውሉ

ይህ ደረጃ ቢታለፍ ሌላው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ሙዚየሞች ለዕድሳት ይዘጋሉ፣ ትልልቅ አዳራሾች ለመንግሥት ስብሰባ ይያዛሉ፣ እንግዳ ሲመጣም መንገድ ይዘጋል። ሲደውሉ አምስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ነገ ክፍት ነው ወይ? ትኬት መቁረጥ የሚቆመው ስንት ሰዓት ነው? (ብዙ ቦታ ከመዝጊያው ቀድሞ ይቆማል።) ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው በቴሌብር? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል፣ ለብቻው ይከፈልበታል ወይ?

የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ፣ ለውጭ ዜጋና ለተማሪ የተለያየ በሚሆንባቸው ቦታዎች ማስረጃ ይጠየቃል። ለክረምት ዕረፍት ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያውን ሻንጣ ውስጥ ትቶ ከወጣ በር ላይ ክርክር ይጠብቀዋል። የተማሪዎችንም መታወቂያ አይርሱ።

4. ቦርሳውን ያሰናዱ

ለአራት ሰው አንድ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ሁለት ቦርሳ ማለት ፍተሻ ላይ ሁለት ጊዜ መቆም ነው።

- ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ ውሃ በማያሳልፍ ከረጢት
- ሁለት ጠንካራ ዣንጥላ። አራት ትንንሽ ዣንጥላ አይሆንም፤ ነፋስ ይገለብጣቸዋል፣ እግረኛ መንገድ ላይም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ለልጆች ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል፣ እጃቸው ነጻ ይሆናል።
- አራት ባዶ ውሃ የማያሳልፍ ከረጢት፦ ሁለቱ ለረጠቡ ዣንጥላዎች፣ አንዱ ለረጠበ ካልሲ፣ አንዱ መጠባበቂያ
- መታወቂያዎች፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብና ስልክ፣ በሚዘጋ ላስቲክ
- ሹራብ። የድንጋይ ሕንፃዎች በክረምት ውስጣቸው ከውጭ ይበርዳል።
- ግማሽ ኪሎ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ሊትር ውሃ። የሚበላው ሙዚየም ውስጥ አይደለም፣ በረንዳ ላይ ነው።
- ወረቀት፣ እርሳስ፣ ገመዱ

ጫማው ሶሉ ጎድጎድ ያለ ይሁን። የቤተ መንግሥቶቹና የአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ወለል እብነ በረድ ወይም ሴራሚክ ነው፤ እርጥብ ለስላሳ ሶል እዚያ ላይ ያንሸራትታል፣ አዛውንት ደግሞ ደረጃ ላይ ይወድቃሉ። ሲገቡ ምንጣፉ ላይ እግርዎን ደጋግመው ይጥረጉ፤ አረጋውያንን ሲወጡም ሲወርዱም በመደገፊያው በኩል ያስይዙ።

5. መንገድ ላይ

ከቤት ሲወጡ እስከ መጀመሪያው ቦታ በር ድረስ በአንድ መኪና ይሂዱ። የሚቆጠበው የታክሲ ብር ከሚረጥበው ጫማ ጋር አይመጣጠንም። በመካከል ያለውን በእግር ይሂዱ። ወደ ቤት ለመመለስ ታክሲውን የሚጠሩት ከመውጣትዎ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይጠራል። ለሹፌሩ የሚሰጡት ምልክት ጣሪያ ያለው ቦታ ይሁን።

ዶፉ መንገድ ላይ ከያዛችሁ በረንዳ ሥር ቁሙ፤ ከባዱ ዝናብ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለዝባል። ጎርፍ የሸፈነውን አስፋልት አይሻገሩ። ውሃው ጥልቅ ባይሆንም ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ከሥሩ ሊኖር ይችላል፣ ከላይ ግን አይታይም። በዚያው የሚያልፉ ሰዎችን አይቶ መከተልም ዋስትና አይደለም። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች ዳር ላይ ደግሞ ከላይ እንጦጦ በኩል የዘነበው በድንገት ስለሚደርስ፣ ሰፈሩ ላይ ካፊያ ብቻ ቢሆንም አይቁሙ።

6. ውስጥ ከገቡ በኋላ

ከዝናብ ወጥቶ ሞቅ ያለ ክፍል የገባ ካሜራና መነጽር ጉም ይለብሳል። በልብስ አይጥረጉት፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ይጠፋል። ብልጭታ ያለው ፎቶ አያንሱ፣ የጥንት ቀለምና ብራና በጠንካራ ብርሃን ይጎዳል። መብራት ከጠፋ ባሉበት ይቁሙ፣ ልጆችን እጃቸውን ይያዙ፣ የስልክ መብራቱን ወደ ወለሉ እንጂ ወደ ዕቃዎቹ አያዙሩት።

አስጎብኚ ካለ ይውሰዱ። ጽሑፎቹ አጭር ናቸው፣ ጥሩ አስጎብኚ ግን አንድ ዕቃ ላይ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ሲጀምር «የቀረን አንድ ሰዓት ነው፣ ከሁሉ የሚበልጡትን ያሳየን» ይበሉት። ያለዚያ ከመጀመሪያው ክፍል ሳትወጡ ሰዓቱ ያልቃል። ክፍያው በተቋሙ ካልተወሰነ አስቀድመው ይነጋገሩ።

ልጆች መነጫነጭ ሲጀምሩ ቀጣዩን ክፍል አያስጨርሷቸው። ያውጧቸው፣ ቆሎ ይስጧቸው፣ ካልሲያቸውን ይዳስሱ። የልጅ ለቅሶ ብዙ ጊዜ የእርጥብ እግር ነው። ካልሲው ተቀይሮ ሩብ ሰዓት ካረፉ በኋላ ይመለሳሉ፤ ካልተመለሱ የጠዋቱ በቂ ነው ብለው በቀጥታ ወደ ምሳ ይሂዱ።

7. ማታ ቤት ሲደርሱ

ዣንጥላዎቹን ዘርግተው ያድርቁ፤ ታጥፈው ካደሩ ሽቦው ይዝጋል፣ ጨርቁ ይሸታል። ጫማዎቹን ጋዜጣ ጠቅጥቀው ግድግዳ አስደግፈው ያቁሟቸው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ይቀይሩ። ምድጃ ወይም ከሰል ዳር አያስጠጓቸው፤ ሙጫው ይለቅቃል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጭቃውንም እርጥብ ሳለ አይፈትጉ። ሌሊቱን ደርቆ ጠዋት በብሩሽ ሲነካ በሙሉ ይረግፋል።